ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ በውል ወረቀትና በታሪክ መጽሐፍ መካከል

ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ መሆኑ የማይታበል ሐቅ ነው። ሆኖም በአንድ ዘመን ተነሥተው የዚያን ዘመን ዐቢይ ጥያቄ በገዛ ሕይወታቸው ያንጸባረቁ ግለሰቦች መኖራቸው አይካድም። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት ስንመረምር ዓላማችን ሙታንን ማወደስ ወይም መውቀስ አይደለም። የቆሙበትን የኅብረተሰብ ደረጃ፣ የከበባቸውን ዓለም አቀፍ ሁኔታና የፈጸሙትን ተግባር አገናዝበን ለዛሬው ሠርቶ አደር የሚጠቅመውን ትምህርት መቅሰም ነው።

ከዚህ አንፃር ዛሬ የምንመለከተው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሕይወት ነው። ኅሩይ የሀገራችንን የውጭ ጉዳይ እጅግ አስጨናቂ በሆነው ጊዜ የመሩ ዲፕሎማት ነበሩ። በዚያው መጠን የታሪክ ጸሐፊ፣ የመጻሕፍት መዝጋቢና የማተሚያ ቤት መሥራች ነበሩ። በአንድ እጃቸው ከኃያላን መንግሥታት ጋር የሚደረገውን የውል ወረቀት ያዙ፤ በሌላው እጃቸው የሕዝባቸውን ትዝታ ለመጪው ትውልድ ጻፉ። ከሁለቱ ወረቀቶች የትኛው ጸና? የትኛውስ ተቀደደ? የጽሑፋችን ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪና ሠራተኛ ባዕድ አይደለም። ኅሩይ ወደ ባሕር ማዶ በተመላለሱባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የምድር ባቡር አቃቂን አቋርጦ ያልፍ ነበር። የፋሺስት ወረራ በተቃረበ ጊዜም የኢትዮጵያን አቤቱታ ወደ ውጭው ዓለም ያስተላለፈው የሬዲዮ ጣቢያ የተተከለው በዚሁ በአቃቂ ነው። ወደ ጣቢያው ታሪክ እንመለስበታለን።

የቤተ ክህነት ልጅ፣ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የተወለዱት ከታላላቅ መሳፍንት ቤት አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከመሳፍንት ወገን ላልተወለደ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው በር ጠባብ ነበር፤ አንዱ ጦር፣ ሌላው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ኅሩይ በሁለተኛው በር ገቡ። ግእዙን፣ ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተማሩ፤ በእንጦጦ ራጉኤልም ዕውቀታቸውን አዳበሩ። ብዕር የመያዝ ችሎታቸው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ ላይ ከመንግሥት ሥራ ጋር አገናኛቸው።

ያ ዘመን ከዓድዋ ድል በኋላ የመጣ ዘመን መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በ1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ቅኝ ገዢውን ጦር ድል ስለ መታ ኃያላኑ መንግሥታት ፊታቸውን ከጦርነት ወደ ውል አዞሩ። በአዲስ አበባ ሌጋሲዮኖች ተከፈቱ፤ የባቡር፣ የባንክና የንግድ ስምምነቶች ተከታትለው መጡ። ለምሳሌ በ1900 ዓ.ም. ክሎቡኮቭስኪ ከተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ጋር የተፈረመው ውል የውጭ ዜጎችን ከሀገሪቱ መደበኛ ዳኝነት ውጭ አደረጋቸው። ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥም በጠቅላላው ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ገደበ። በጦር ሜዳ ያልተወሰደው ነፃነት በወረቀት መሸርሸር ጀመረ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት አንብቦ የሚመልስ፣ ሕጉን በሕግ የሚሞግት አዲስ ዓይነት አገልጋይ አስፈለገ። ኅሩይ ከእነዚህ አዳዲስ አገልጋዮች ግንባር ቀደሙ ሆኑ።

በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ በደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የተመራው መልእክት ወደ ለንደን ሄደ። ኅሩይም አብረው ተጓዙ። ከ1909 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ የኅሩይ ደረጃ ከፍ እያለ ሄደ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት በዲሬክተርነት መሩ። ቆይተውም የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን የሚካሰሱበትን ልዩ ፍርድ ቤት በፕሬዚዳንትነት ያዙ። በዚህ ችሎት ሲቀመጡ የዚያን የ1900ውን ውል ክብደት በየቀኑ በእጃቸው መዘኑት። በገዛ ሀገሩ ላይ ዳኛ የሆነ ሰው የውጭውን ሀገር ነጋዴ ያለ ቆንስሉ ፈቃድ መዳኘት እንደማይችል በተግባር አዩ።

ታሪክን ከመጥፋት ያዳነ ብዕር

የኅሩይን የጽሑፍ ሥራ ከዲፕሎማሲያቸው ነጥሎ ማየት ስሕተት ነው። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ምንጩም ኢትዮጵያ በዓለም ፊት ራሷን የምታውቅና የምታሳውቅ ሀገር እንድትሆን መፈለጋቸው ነው።

በመጀመሪያ የሠሩት የመጻሕፍት ቆጠራ ነበር። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን የያዘ ካታሎግ አወጡ። ይህ ሥራ ለላይ ላዩ ተመልካች የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሥራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየገዳሙና በየደብሩ የተበተነ ሀብት ቁጥሩ ሳይታወቅ ቢሰረቅ ማን ያውቀዋል? ከመቅደላ ዘመቻ ጀምሮ ስንትና ስንት የብራና መጽሐፍ ወደ አውሮፓ መጋዘኖች በተጓዘበት ዘመን ያለንን መቁጠር ራሱ የመከላከል ተግባር ነበር።

በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አወጡ። በዚህ መጽሐፍ የቀደሙና በዘመናቸው የነበሩ ሰዎችን ሕይወት አጠር አጠር አድርገው መዝግበው በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን አስቀመጡ። በዚያን ጊዜ ታሪክ ማለት ዜና መዋዕለ ነገሥት ነበር፤ በዜና መዋዕል ውስጥ ደግሞ የሚናገረው ንጉሡ ብቻ ነው። ኅሩይ ከነገሥታቱ ጎን የጦር አለቃውን፣ ሊቁንና ጸሐፊውን አስቀመጡ። ስለ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የሚጽፉ ተመራማሪዎች ዛሬም ይህን መጽሐፍ ይገልጣሉ።

ይሁን እንጂ የታሪክ ሥራቸው ጉድለት አልነበረበትም ማለታችን አይደለም። በ1921 ዓ.ም. ባወጡት ዋዜማ በተባለው መጽሐፍ የነገሥታቱን ሐረግ እስከ ጥንተ ዓለም የሚያደርስ ዝርዝር አቅርበዋል። የዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች ይህን ዝርዝር እንደ ማስረጃ አይቀበሉትም። የሀገርን ክብር በዘመን ርዝመት ለመለካት መሞከር የዚያ ዘመን ጸሐፍት የጋራ ዝንባሌ ነበር። አውሮፓውያን አፍሪካ ታሪክ የላትም እያሉ ሲያስተምሩ፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ከማስረጃው በላይ መሄዱን ልንረዳው ይገባል፤ መረዳት ግን መቀበል አይደለም።

የልብ ወለድ ድርሰቶቻቸውም ዓላማ ኅብረተሰብን ማረም ነበር። ወዳጄ ልቤ በ1915 ዓ.ም. ታተመ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚተርከው ድርሰት በ1923 ዓ.ም. ተከትሎ የልጅነት ጋብቻን ነቀፈ። በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም አወቀ የተባለ ወጣት አውሮፓ ተምሮ ወደ ሀገሩ ሲመለስ የሚገጥመውን ትግል ያሳያል። ወጣቱ ከሚጋፈጣቸው ልማዶች አንዱ ሟች ለሞተበት ቤተሰብ ዕዳ ትቶ የሚሄደው የተዝካር ድግስ ነው። በዕድርና በመንደር ማኅበር የታቀፈው አንባቢያችን ይህ ጥያቄ ዛሬም እንዳልተዘጋ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ሐዘንን የጋራ አድርጎ ወጪን መቀነስ ይሻላል ወይስ ለስም ሲባል ቤት ማራቆት? ኅሩይ ይህን በ1925 ዓ.ም. በአማርኛ ልብ ወለድ ለሕዝብ አቅርበውታል።

ይህን ሁሉ ለማሳተም በሰው ማተሚያ ደጅ መጥናት አልበቃቸውም፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ። ፊደል ለቃሚውና ማሽን አንቀሳቃሹ ሠራተኛ ባይኖር ኖሮ የደራሲው ሐሳብ ከብራና ሣጥን ባልወጣ ነበር። ከሃያ በላይ የሚሆኑት የኅሩይ ሥራዎች የአንድ ብዕር ፍሬ ብቻ ሳይሆኑ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የእጅ ፍሬ ጭምር ናቸው።

ወደ ጄኔቭ የወሰደው መንገድ

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በ1911 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ለድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የደስታ መልእክት ላከ። ኅሩይ ከመልእክተኞቹ አንዱ ሆነው እስከ አሜሪካ ተጓዙ። በዚያ ጉዞ ያዩት ዓለም በሁለት ተከፍሎ ነበር። በአንድ ወገን የሕዝቦች እኩልነት ይሰበካል። በሌላው ወገን አሸናፊዎቹ የተሸናፊዎቹን ቅኝ ግዛት ይከፋፈላሉ።

ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ተቋቋመ። አባል የሆነ ሀገር በሌላ ቢጠቃ ሌሎቹ ሊደርሱለት ቃል ገቡ። በሦስት ወገን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣልያ ቅኝ ግዛቶች የተከበበችው ኢትዮጵያ ለዚህ ቃል ጆሮዋን ሰጠች። በመስከረም 1916 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው የተመራው መልእክት ጄኔቭ ሲቀርብ ኅሩይ አባል ነበሩ። አንዳንድ መንግሥታት የባሪያ ንግድንና የጦር መሣሪያ ዝውውርን ምክንያት አድርገው ጥያቄውን ተቃወሙት። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ባርነት በሀገሪቱ ውስጥ እንደ ነበረ መሸፈን አይገባም። ነገር ግን ክርክሩን ያቀረቡት በቅኝ ግዛቶቻቸው ሚሊዮኖችን በግዴታ ሥራ የሚያሠሩ መንግሥታት ነበሩ። በመጨረሻ ኢትዮጵያ ባርነትን ለማስወገድ ግዴታ ገብታ በሙሉ ድምፅ አባል ሆነች። በ1916 ዓ.ም. መገባደጃም አልጋ ወራሹ በአውሮፓ ባደረጉት ረዥም ጉብኝት ኅሩይ አብረው ዞሩ፤ የጉዞውንም ታሪክ ጽፈው አሳተሙ።

በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ለ20 ዓመት የሚጸና የወዳጅነትና የሽምግልና ውል ተፈረመ። በዚህ ውል ሁለቱ መንግሥታት ጠብ ቢነሣ በሽምግልና ሊፈቱት ተስማሙ። በ1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ጭነው አዲሱ ዘመነ መንግሥት ሲጀመር ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። በእጃቸው የነበረው መሣሪያ የማኅበሩ ቃል ኪዳንና ይህ የወዳጅነት ውል ነው። ሁለቱም ወረቀቶች ናቸው።

የጃፓን መስታወት

በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ኅሩይ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ታውጆ ነበር፤ የረቂቁ ዋና ምሳሌም የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። የዘመኑ ተራማጅ ምሁራን ጃፓንን እንደ መስታወት ይመለከቷት ነበር። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ንጉሠ ነገሥቱን ሳይሽር፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ፋብሪካና መርከብ ሠርቶ ከኃያላን ተርታ የተሰለፈ ሕዝብ። ኅሩይ በቶኪዮ በክብር ተቀበሏቸው፤ የሀገሪቱን ኢንዱስትሪም ተመለከቱ። ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው ሁለቱን ሀገሮች አነጻጸሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ያሻናል። ኅሩይ ጃፓን ውስጥ በነበሩበት በዚያው ጊዜ የጃፓን ጦር የቻይናን ማንቹሪያ እየወረረ ነበር፤ ወረራው የተጀመረው በመስከረም 1924 ዓ.ም. ነው። ቻይና የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። አቤቱታዋን ወደ ጄኔቭ አቀረበች። ማኅበሩ አጣሪ ላከ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ ወቀሳ ሰነዘረ። ጃፓንም በመጋቢት 1925 ዓ.ም. ከማኅበሩ መውጣቷን አስታውቃ የያዘችውን እንደ ያዘች ቀረች። ኢትዮጵያ እንደ አርአያ ያየቻት ሀገርና ኢትዮጵያ የተማመነችበት ማኅበር በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለቱም እውነተኛ መልካቸውን አሳዩ። ኢንዱስትሪ ያለው ደካማውን ዋጠ፤ ቃል ኪዳን የያዘው ተመልካች ሆነ። ከወረራው በኋላ በ1929 ዓ.ም. ጃፓንና ኢጣልያ አንዱ የሌላውን የወረራ ውጤት መቀበላቸው የዚሁ ሎጂክ ፍጻሜ ነበር።

የጃፓን ሌላው ገጽታ ሸቀጧ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የኢትዮጵያ ገበሬና የከተማ ድኻ የሚለብሰው አቡጀዲ በአብዛኛው ከጃፓን ፋብሪካ የመጣ ነበር። ጥጥ የሚበቅልባት፣ ሸማኔዋ የተደነቀላት ሀገር ልብሷን ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብ ታስመጣለች። በኋላ ዘመን በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሎ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ በሦስት ፈረቃ ክር ሲፈትልና ሲሸምን ያየ ሰው የዚያን ዘመን ጉድለት ምን እንደ ነበረ በቀላሉ ይገነዘባል። ኅሩይ ችግሩን አይተውታል፤ መፍትሔውን ግን በዋነኛነት የፈለጉት በትምህርትና በሥነ ምግባር ነበር። በ1911 ዓ.ም. ያረፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ በዕውቀት የማያመርት ሕዝብ ለሚያመርተው ሕዝብ ገባር መሆኑ እንደማይቀር ቀድመው ጽፈው ነበር። የሁለቱን ሊቃውንት ሥራ ጎን ለጎን ያነበበ አንዱ የጎደለውን ሌላው እንደሚሞላ ያያል።

ከወልወል እስከ ማይጨው

በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በወልወል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ የኢጣልያ ጦር ከኢትዮጵያ ወታደሮች ጋር ተጋጨ። ወልወል ከኢጣልያ ሶማሊያ ወሰን ወደ ውስጥ የገባ የኢትዮጵያ መሬት ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በ1920 ዓ.ም. ውል መሠረት ጉዳዩ በሽምግልና እንዲታይ ጠየቁ። ኢጣልያ ሽምግልናውን እምቢ ብላ ይቅርታና ካሣ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ወደ ጄኔቭ የተላኩት ቴሌግራሞች ተከታታይ ናቸው፤ በብዙዎቹ ግርጌ ያለው ስም የኅሩይ ነው። ቃላቸው የተመጠነ፣ ሕጉን ጠቅሰው የሚሞግቱ፣ ወራሪው በየወደቡ የሚያራግፈውን ጦር የሚያስታውቁ ነበሩ።

የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ የተመረቀው በዚሁ ጊዜ፣ በጥር 1927 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ ወራት የመንግሥቱ መልእክትና የውጭ ጋዜጠኞች ዘገባ የሚተላለፈው ከዚህ ነበር። ጣቢያውን የሠራው ማን ነበር? የኢጣልያ ኩባንያ ነበር። ሀገሪቱ የአጥቂዋን ግፍ ለዓለም የምትናገርበት አንደበት እንኳ በአጥቂዋ ሀገር ኩባንያ የተሠራ ነበር ማለት ነው። የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ የቆመችበትን መሬት ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ምሳሌ አናገኝም።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1927 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ ከለከሉ። በወረቀቱ ላይ ክልከላው እኩል ነው። በተግባር ግን ኢጣልያ አውሮፕላኑን፣ መድፉንና ጥይቱን በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ጥይትም የምትገዛው ከውጭ ነበር። እኩል የተጻፈ ሕግ እኩል ባልሆኑ ሁለት ወገኖች ላይ ሲያርፍ የሚጎዳው ደካማውን ብቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ለኖረ ሠራተኛ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን በአጥቂነት ፈረደባት፤ ከ50 የሚበልጡ መንግሥታትም የንግድ ማዕቀብ ለመጣል ተስማሙ። ነገር ግን ነዳጅ ከማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወራሪው ጦር በዚያው በኩል ተመላለሰ። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዙ ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል ከኢትዮጵያ መሬት ሰፊውን ክፍል ለኢጣልያ ለመስጠት በምሥጢር ተዋዋሉ፤ ነገሩ ገሃድ ወጥቶ ሕዝብ ስለ ተቆጣ ብቻ ከሸፈ። የመርዝ ጋዝን የሚከለክለው በ1917 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ የተፈረመ ውል ነበር፤ ኢጣልያም ፈራሚ ናት። ጋዙ ግን በኢትዮጵያ ገበሬ ጦርና በእረኛ ላይ ዘነበ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የመጨረሻው ታላቅ ውጊያ ተደርጎ የሰሜኑ ጦር ተፈታ።

ስደትና ሞት

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን የያዘው ባቡር በአቃቂ በኩል ወደ ጅቡቲ ወረደ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩም ወደ ስደት ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል ያለውን ዘመን የሚተርከው ታላቁ የኅሩይ የታሪክ መጽሐፍ በዚያን ጊዜ ገና በማተሚያ ቤት ነበር። ወረራው ኅትመቱን አቋረጠው፤ መጽሐፉ ለሰፊው አንባቢ የደረሰው ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

በኢየሩሳሌም አልፈው ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱት ስደተኞች ባዝ በተባለች ከተማ ተቀመጡ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ጉባኤ ቀርበው የሀገሪቱን ብሶት አሰሙ፤ ማኅበሩ ግን በሐምሌ ማዕቀቡን አነሣ። ለኅሩይ ይህ የሌላ ሰው ሽንፈት አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. በዚያ ደጃፍ ሀገራቸውን ካስገቧት ሰዎች አንዱ ነበሩና በሩ ሲዘጋ ያዩትም እርሳቸው ነበሩ።

ከሀገር ቤት የመጣው ወሬ ከዚህ የከፋ ነበር። በእንግሊዝ አገር የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ ወደ ምዕራብ ወርዶ በጥቁር አንበሳ ጦር ውስጥ ከተሰለፉት ወጣት ምሁራን አንዱ ነበር። ፋሺስቶች ገደሉት። አባት በብዕር የተሟገተለትን ነፃነት ልጅ በነፍጥ ሊያስከብር ወጥቶ ወደቀ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ ከተማ በስደት እንዳሉ ዐረፉ። 60 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከ11 ቀን በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ በሙኒክ ከተማ የቼኮዝሎቫኪያን መሬት ለሂትለር የሚሰጥ ውል ፈረሙ። በኅዳር ወር ደግሞ በስደት ያስጠጋቻቸው እንግሊዝ የኢጣልያን ወረራ በሕግ ዐወቀች። ያው 1931 ዓ.ም. ሳይፈጸም፣ በነሐሴ ወር፣ የናዚ ጦር ፖላንድን ወረረ፤ ኢትዮጵያ አስቀድማ ያስጠነቀቀችው እሳት ወደ አውሮፓ ቤት ገባ። ኅሩይ ይህን ለማየት አልታደሉም፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአርበኞች ተጋድሎ የተገኘውን የነፃነት ቀንም አላዩም። ዐፅማቸው ግን በኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሷል።

ምን እንማራለን?

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ኅሩይ የያዙት የውል ወረቀት ሁሉ ተቀደደ። የ1920 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል፣ የማኅበሩ ቃል ኪዳን፣ የመርዝ ጋዝ ክልከላ አንዳቸውም የአንዲትን የገጠር ቀበሌ ሕዝብ ከአውሮፕላን አላዳኑም። ይህ ማለት ግን የኅሩይ ዲፕሎማሲ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ አቤቱታ በሕግ ቃል ተጽፎ በዓለም መዝገብ ባይቀመጥ ኖሮ ወራሪው የሠራው ወንጀል እንደ ተራ የቅኝ ግዛት ጦርነት በተረሳ ነበር። ወረቀቱ ወራሪውን አላቆመውም፤ ግን ወንጀለኛነቱን አስመዘገበ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ ይጠልቃል። ውል የሚከበረው ከበስተኋላው በሚቆመው ኃይል ነው፤ የሀገር ኃይል ደግሞ የሚያመርት፣ የሚያውቅና የተደራጀ ሕዝብ ነው። የዚያ ዘመን ሥርዓት ገበሬውን በገባርነት፣ ሌላውን በባርነት አስሮ ዲፕሎማቱን ባዶ እጁን ጄኔቭ ላከው። ኅሩይ የሥርዓቱ አገልጋይ እንደ መሆናቸው ጽሑፎቻቸው ልማድን ነቅፈዋል፣ ትምህርትን ሰብከዋል፤ የገባሩን ሸክም ግን ከሥሩ ለመመርመር አልደፈሩም። ይህ የሰውየው ብቻ ሳይሆን የመደባቸውና የዘመናቸው ወሰን ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ ሌላው ወረቀት ነው። በስደት የሞተው ሚኒስትር የፈረማቸው ቴሌግራሞች በጊዜያቸው መልስ አላገኙም፤ የመዘገባቸው መጻሕፍት፣ የጻፋቸው የሰዎች ሕይወትና የተወልን ድርሰቶች ግን ዛሬም ይነበባሉ። ወራሪ ማተሚያ ቤት ሊዘጋ ይችላል፤ የተጻፈን ትዝታ ግን ፈጽሞ ሊያጠፋው አልቻለም።

የአቃቂ ቃሊቲ ሠራተኛና ነዋሪ ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ተግባር ግልጽ ነው። በየፋብሪካው የሠራው ትውልድ እያለፈ ነው። የመጀመሪያውን ፈትል የፈተለው፣ በባቡር ጣቢያው ጭነት ያራገፈው፣ በብረት ሥራው እጁን ያቃጠለው ሠራተኛ ታሪኩን ይዞ ወደ መቃብር ከመውረዱ በፊት፣ ዕድሩ፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የሠፈሩ ትምህርት ቤት ተጋግዘው ሊመዘግቡት ይገባል። ኅሩይ ለዚህ ሥራ ያስፈለጋቸው ብዕር፣ ትዕግሥትና የሰውን ሁሉ ሕይወት መመዝገብ እንደሚገባ ማመን ብቻ ነበር። እርሳቸው ከንጉሡ ወደ ሊቁና ወደ ጸሐፊው አንድ ደረጃ ወረዱ፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ወደ ሠራተኛው መዝለቅ ይጠበቅብናል። እጅ የሚያመርትባት፣ ብዕርም የሚመዘግብባት ሀገር ውሏን በቀላሉ ማንም አይቀድድባትም።